የከተማ ዓርማ ስሠራ ያወጣኋቸው ነገሮች

ለአንዲት ትንሽ ከተማ ዓርማ እንድሠራ ስጠየቅ የሁለት ሳምንት ሥራ መስሎኝ ነበር። ስድስት ወር ፈጀብኝ።

የመጀመሪያው ንድፌ ላይ ያልገባ ነገር የለም። ድልድይ፣ ወንዝ፣ ተራራ፣ የስንዴ ዛላ፣ ኮከብ፣ የተገለጠ መጽሐፍ። ኮምፒውተር ላይ ዓይን ይማርካል። በአውራ ጣት ጥፍር ልክ ሳትመው ግን ቀለም የፈሰሰበት ወረቀት መሰለ።

ያኔ ወደ ታሪኩ ተመለስኩ። ዓርማ በአውሮፓ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ሲስፋፋ ዋና ቦታው የተዋጊ ጋሻ ነበር፤ ከሩቅ መለየት አለበት። ከተማ ግን ጋሻ ይዛ አትዘምትም፤ ውል ነው የምትዋዋለው። ስለዚህ የብዙ ከተሞች ዓርማ የተወለደው ከማኅተም ነው። የፓሪስ መርከብ የመጣው ከወንዝ ነጋዴዎች ማኅተም ነው። የበርሊን ድብም እ.ኤ.አ. በ1280 ማኅተም ላይ አለ። ኦክስፎርድ ደግሞ የሣለችው ስሟን ነው። ትርጉሙ የበሬ መሻገሪያ ነው፤ ዓርማዋም ውኃ የሚሻገር በሬ። አንድ በሬና ውኃ፣ በቃ።

መጽሐፉንና ተራራውን ያን ቀን አወጣሁ።

ቀጥሎ ቀለም አስቸገረኝ። የዓርማ ሕግ ቀለሞችን ለሁለት ይከፍላል። ወርቅና ብር፣ ማለትም ቢጫና ነጭ፣ ማዕድን ይባላሉ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁርና ሐምራዊ ቀለም ናቸው። ማዕድን በማዕድን ላይ፣ ቀለምም በቀለም ላይ አይደረብም። የእኔ ወንዝ ሰማያዊ ሆኖ አረንጓዴ ላይ ተኝቷል። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፌ ሃያ እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ። ወንዙ ጠፋ! ጋሻውን ሰማያዊ፣ ድልድዩንና ሞገዱን ነጭ ሳደርጋቸው ከዚያው ርቀት ቁልጭ ብለው ታዩ። ባለ አንድ ቀለም ማኅተም ላይስ? ቀራጺዎች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ መላ አበጅተውለታል። አግድም መስመር ሰማያዊ ነው፣ ቀጥ ብሎ የሚወርድ መስመር ቀይ፣ ነጠብጣብ ወርቅ።

ከሁሉ ያስተማረኝ ግን ቃሉ ነው። ዓርማ መጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሥዕሉ ከሠዓሊ ሠዓሊ ቢለያይ ችግር የለውም። እኔም ጻፍኩ፦ «ሰማያዊ ጋሻ፤ በመካከሉ ባለ ሦስት ቅስት ነጭ ድልድይ፤ ከሥሩ ሁለት ነጭ የሞገድ መስመሮች፤ በላይኛው ቀኝ ጥግ ነጭ ኮከብ።» ንድፉን ላላየ ጓደኛዬ በስልክ አነበብኩለትና የሣለውን ላከልኝ። ሁሉም ልክ ነው፤ ኮከቡ ብቻ በግራ በኩል ነው።

«ኮከቡን አሳሳትከው» አልኩት።

«እስቲ ጋሻውን አንተ ያዘው» አለኝ።

ለካ ቀኝ የሚባለው ከጀርባው ሆኖ ጋሻውን የያዘው ሰው ቀኝ ነው። ለሚያየው ሰው ግራ ይሆናል። እኔ ሥዕሉን ሳይሆን ቃሉን አረምኩ።

ስንዴው ነው የከበደኝ። የከተማዋ ሰዎች ይወዱታል፣ ጋሻው ውስጥ ግን ድልድዩን ያጣብበዋል። ዓርማ ከጋሻው ውጭም ቦታ አለው፤ ደጋፊ (ጋሻውን ከግራና ከቀኝ የሚይዝ ምስል)፣ አክሊል፣ መሪ ቃል የሚያርፈው እዚያ ነው። ለማኅተም ሲፈለግ ጋሻው ብቻውን ይበቃል። ሁለቱን ዛላ ግራና ቀኝ አቆምኳቸው፤ ግንዳቸውን ከሥር በሪባን አሰርኩት።