ወረርሽኝን በኤክሴል ስታሰሉ ጳጉሜን ተጠንቀቁ

የወረርሽኝ ስሌት ለመጀመር ኤክሴል ይበቃል። ሦስት ዓምድ ክፈቱ፦ ተጋላጭ፣ የተያዘ፣ ያገገመ። አከፋፈሉ ተመራማሪዎቹ ከርማክና ማኬንድሪክ እ.ኤ.አ. በ1927 ካሳተሙት ሥራ የመጣ ነው።

10,000 ነዋሪና 10 ታማሚ እንበል። የመተላለፍ መጠኑ በቀን 0.5 (አንድ ታማሚ መጀመሪያ ላይ በሁለት ቀን አንድ ሰው ያህል ያስይዛል)፣ የማገገም መጠኑ 0.2 ይሁን፤ ታማሚው በአማካይ 5 ቀን ያስተላልፋል ማለት ነው። በመጀመሪያው ቀን 0.5 × 9,990 × 10 ÷ 10,000፣ 5 ያህል ሰው ይያዛል፤ 2 ያገግማል፤ ታማሚው 13 ይሆናል። በየቀኑ እየተሰላ ሲወርድ በ7ኛው ቀን 62 ይደርሳል። ሳምንቱን በአንድ እርምጃ የዘለለ ሰው ግን 31 ብቻ ያገኛል፤ አዲስ የተያዙት መልሰው የሚያስተላልፉት ሳይቆጠር ቀርቷልና። እርምጃችሁ ከአንድ ቀን አይብለጥ።

ሁሉም ሰው ከሁሉም ጋር እኩል ይገናኛል ብሎ ማሰብም ያሳስታል። መርካቶ ሱቅ የሚውል ነጋዴና ፒያሳ ከቤት የማይወጡ አዛውንት በቀን የሚያገኙት ሰው አይመጣጠንም። ቢያንስ ነዋሪውን በዕድሜ ክፈሉት፤ ለአዛውንቱ በሽታውን የሚያደርሰው ከትምህርት ቤት የሚመለሰው የልጅ ልጅ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የመረጃው ቀን ነው። ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ናት። በወር ደምራችሁ ግራፍ ብትሠሩ ወረርሽኙ በነሐሴ መጨረሻ ድንገት የቆመ፣ በመስከረም የፈነዳ ይመስላል። በወር ሳይሆን በሳምንት ደምሩ፤ ቀኑም ሪፖርት የተላከበት ሳይሆን ሕመሙ የጀመረበት ይሁን። የእንቁጣጣሽ ሰሞን የዘገየ ሪፖርት በኋላ ተጠራቅሞ ሲገባ ሌላ ሐሰተኛ ጫፍ ይፈጥራል።