ብርድ የማይገባው ቤት

አርክቴክቸር እንደምማር ስናገር ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ስዕል ትችላለህ ማለት ነው?" ብሎ ነው። እኔን ግን ወደዚህ ሙያ ያመጣኝ ብርድ ነው።

ያደግኩት መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው። ከፍታው ከ3,000 ሜትር ያልፋል፣ ብርዱን የቀመሰ ያውቀዋል። ልጅ ሆኜ ቤታችን ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር ነበር። ትንሽ ገንዘብ ሲገኝ እንደ ጎረቤቶቻችን ቆርቆሮ ቤት ሠራን። ደስታችን ልክ አልነበረውም። ኅዳር ሲገባ ግን ሌሊቱን ትንፋሻችንና የምድጃው እንፋሎት ወደ ላይ ይወጣና የቀዘቀዘው ቆርቆሮ ላይ ውሃ ይሆናል፣ ንጋት ላይ ጠብ ጠብ እያለ ብርድ ልብሳችን ላይ ይወርዳል። እናቴ "ቆርቆሮው አላበው" ትል ነበር። ታናሽ እህቴን ሳል አልለቅ አላት። በመጨረሻ እናቴ አልጋውን አስወጥታ ወደ አሮጌው ቤት መለሰችን።

አባቴ ግንበኛ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ድንጋይ አቀብለው ነበር። እሱ የሚገነባው ግንብ ሁለት ፊት አለው፣ መሐሉ በጠጠርና በጭቃ ይሞላል፣ በየቦታው ደግሞ አንድ ረጅም ድንጋይ ከውስጥ እስከ ውጭ ተጋድሞ ሁለቱን ፊት ያስራል። አንድ ቀን ረጅሙን ድንጋይ ፍለጋ ሰልችቶኝ በሁለት አጫጭር ተካሁት። አባዬ ሳይቆጣ ሦስት ረድፍ አፈረሰ። "ካልታሰረ ክረምት ሲመጣ ሆድ ያወጣል" አለኝ።

አሁን አራተኛ ዓመት ነኝ። አሮጌው ቤት ለምን ይሞቅ እንደነበር የገባኝ ግቢ ከገባሁ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ድንጋዩ ብርድ የሚከለክል ይመስለዋል። ድንጋይ ብቻውን ብርድ አይከለክልም፤ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሳል እንጂ። ሙቀቱን ይዞ የሚያስቀረው ሣሩ ነው፣ በውስጡ ብዙ አየር ስለሚይዝ።

አንድ ጊዜ ለስቱዲዮ ሥራ ለደጋ የሚሆን የድንጋይ ቤት አቀረብኩ። ከገምጋሚዎቹ አንዱ "ይሄ ወደኋላ መመለስ ነው" አለኝ። በጣም ከፋኝ። ለቀናት ሞዴሉን ማየት አስጠላኝ። ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም።

ስመረቅ ልምድ ካለው ሰው ሥር ጥቂት ዓመት ሠርቼ፣ የሙያ ፈቃዴን አውጥቼ፣ ደብረ ብርሃን ቢሮ መክፈት ነው የምፈልገው። አዲስ አበባ አልቀርም። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት፣ ብርዷ ግን ሌላ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተከፈተ ወዲህ ሠራተኛ እየበዛ ነው፣ የሚከራየው ቤት ደግሞ አብዛኛው 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ብሎኬትና በቆርቆሮ የተሠራ ነው። መስኮቱ ወደ መንገድ ይዞራል፣ ፀሐይ በየት በኩል እንዳለች የሚጠይቅ የለም። ታኅሣሥ ላይ እኩለ ቀን ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ናት። ሰፊው መስኮት ወደ ደቡብ ቢዞር ክፍሉ ቀኑን ሙሉ ይሞቃል፣ ለዚህ ደግሞ ተጨማሪ ብር አይጠየቅም። ፕላኑ ሲነሳ ማሰብ ብቻ ነው!

ቆርቆሮውን አውልቁ ማለት አልችልም፣ የጓሳ ሣር ለከተማ አይበቃም። ስለዚህ የማስበው ከኮርኒሱ በላይ ስላለው ባዶ ቦታ ነው። የመንዝ በግ ሱፍ አለን። ባና፣ ማለትም የእኛ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ የሚሠራበት ሱፍ ኮርኒስ ላይ ቢነጠፍ ሙቀት ይይዛል። የመመረቂያ ሥራዬ እንዲሆን የምፈልገው ይሄንን ነው።

ባለፈው ሳምንት ለአባዬ ደውዬ ነገርኩት። ዝም ብሎ አዳመጠኝና "ብሉስ?" አለ።

ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ሱፍን ብል ይበላዋል። ሌላ አገር ብል እንዳይበላው ሱፉን ቦራክስ በሚባል ማዕድን ያክሙታል፣ እኛ ጋ ዋጋው ያዋጣ እንደሆነ እያጣራሁ ነው። ለእረፍት ስሄድ ከአባዬ ጋር የዚያችን ቆርቆሮ ቤት አንዷን ክፍል ኮርኒስ ከፍተን እንሞክረዋለን። እናቴ ሱፉን ማጠብ ጀምራለች።