የእህቴ ደመወዝና ባንግላዴሽ

ታናሽ እህቴ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሸሚዝ ትሰፋ ነበር። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ። እሑድ የሐረጎን ዳገት ወጥታ ደሴ ስትመጣ እግሯ አብጦ ነው፤ እናታችን በሞቀ የጨው ውሃ ትዘፈዝፍላታለች። ከኪራይና ከሽሮ የሚተርፋት ለሚኒባስ እንኳ አይበቃም። ስትመለስ ዳቦ ቆሎ ቋጥረን እንሰጣታለን።

የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች የሐዋሳን ኢንዱስትሪ ፓርክ አይተው እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጡትን ሳነብ ደነገጥኩ። የእኛ ልብስ ሰፊ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር፤ የባንግላዴሽ 95።

እዚያም ቢሆን ደልቷቸው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ራና ፕላዛ የተባለው የልብስ ፋብሪካዎች ሕንፃ ሲደረመስ ከ1,100 በላይ ሰው አልቋል። በ2023 ደግሞ ልብስ ሰፊዎቹ በወር 23,000 ታካ (የአገራቸው ገንዘብ) ይከፈለን ብለው አደባባይ ወጡ፤ የተወሰነላቸው 12,500 ነው። ግን ቢያንስ የሚሟገቱበት በሕግ የተቆረጠ የደመወዝ ወለል አላቸው። የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል፤ እህቴ ስትሰራ ግን ለግል ድርጅት ሠራተኛ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ አልነበረም።

«ለጀማሪ ይበቃል» የሚሉ አሉ። በፍጹም አልስማማም። ልጅቷ በሳምንት 48 ሰዓት ሰርታ ቀለቧ ከእናቷ ጓዳ ከሆነ፣ ፋብሪካውን የምትደጉመው እናቴ ናት።

እህቴ ዘጠኝ ወር ሰርታ ለቀቀች። አሁን ፒያሳ ቡና ታፈላለች። ወገቧን ዛሬም ያማታል።