ነጠላው በራ፣ ፊቱ ጨለመ

ጠይም ሰው ነጭ ሸማ ለብሶ መስኮት ዳር ሲቀመጥ ካሜራው የሚያየው ሸማውን ነው እንጂ ፊቱን አይደለም። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ያን ሁሉ አመድ የመሰለ ፊት አሳትሜ ለባለቤቱ ባልሰጠሁ ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል። ሰዎቹ ወዝ ነበራቸው፤ ወዙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ቀላል ቀላሉን በአጭሩ ልለፈው። የምሠራው ፒያሳ፣ ባለ አንድ ትልቅ መስኮት ክፍል ውስጥ ነው። የቤቱን መብራት ሁሉ አጠፋለሁ፤ የአምፖልና የመስኮት ብርሃን ሲደባለቁ ግማሹ ፊት ቢጫ፣ ግማሹ ሰማያዊ ይሆናል፣ በኋላም በኮምፒውተር አይታረቅም። ማጥፋት የማይቻልበት ቦታ ከሆነ ሹተሩን (ካሜራው ለብርሃን ክፍት የሚሆንበትን ጊዜ) 1/100 ወይም 1/50 ሰከንድ ላይ አድርጉ። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ሹተሩ ከዚያ ከፈጠነ ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ይጥላል። ሌንስ 50 ወይም 85 ሚሊ ሜትር። ርቀት ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር፤ ከዚያ ከቀረባችሁ አፍንጫ ይገዝፋል። አፐርቸር (ብርሃን የሚያስገባው የሌንሱ ቀዳዳ) ከ2.8 እስከ 4፣ ፎከስ ወደ ካሜራው የቀረበው ዓይን ላይ። ግድግዳው አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ከሆነ ሰውየውን ከግድግዳው አርቁት፤ ቀለሙ ጉንጭ ላይ ያርፋል።

ወደ ከባዱ ልምጣ። የካሜራው መለኪያ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርግ ነው የተሠራው። ፍሬሙን ነጠላና ቀሚስ ሲሞላው ብርሃን በዛ ብሎ ይቀንሳል፤ ነጠላው ይቆሽሻል፣ ፊቱ ጨለማ ውስጥ ይገባል። መመሪያውም አሠልጣኞችም ፊት በሚለየው አውቶማቲክ ታመን ይላሉ። መለየቱንስ ይለያል። ግን ጠይሙንም ፊት ግራጫ ላድርገው ስለሚል በተራው ነጠላውን ያቃጥለዋል፤ ባዶ ነጭ ያደርገዋል፣ የጥለቱ ክር ይጠፋል።

ሌላው ምክር «ነጩን አድን፣ ፊቱን በኤዲቲንግ ታወጣዋለህ» የሚለው ነው። ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ይኼኛው ነው፤ ለረጅም ጊዜ ተከትዬዋለሁና። ከጨለማ ተጎትቶ የወጣ ጠይም ቆዳ ወዙን ይዞ አይወጣም። ጉንጭ አጥንት ላይ ያለችውን ቀጭን የብርሃን መስመር አስቡ፤ ከሥሯ ሞቅ ያለ ቡናማ አለ፣ ወደ አገጭ ሲወርድ እየጠቆረ ይሄዳል። እነዚህ ሦስቱ ናቸው ፊቱን ፊት የሚያደርጉት። በጨለማ ሲነሡ ሦስቱም ይጠጋጋሉ፤ በኮምፒውተር ስታበሩት እኩል ይነሣሉ፣ ቀይነቱ ይደበዝዛል፣ ኖይዙ (የተበተነው ነጠብጣብ) ይወጣል። አመድ የተነሰነሰበት ፊት የሚመጣው በዚህ ነው።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ካሜራውን ማንዋል (ሁሉን በእጄ የምወስንበት)፣ መለኪያውን ስፖት (አንድ ትንሽ ቦታ ብቻ የሚለካ) አደርጋለሁ። መጀመሪያ ነጠላው አብልጦ የሚበራበትን ቦታ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመስኮቱ በኩል ያለውን ትከሻ፣ እለካና መለኪያው ከዜሮ በላይ 2 ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በእጥፍ መጨመር ወይም በግማሽ መቀነስ ነው) እስኪያሳይ ሹተሩን አስተካክላለሁ። ራው ፋይል (ካሜራው ገና ያላቀነባበረው) ከሆነ እዚያ ላይ ሽመናው ይታያል። ከዚያ ምንም ሳልነካ ብርሃን ያረፈበትን ጉንጭ እለካለሁ። ለጠይም ሰው ከዜሮ በታች 1 ገደማ ካለ ደህና ነው፤ በጣም ጥቁር ለሆነ ሰው 1 ተኩልም ችግር የለውም። ከዜሮ በታች ከ2 አልፎ ከወረደ ግን አላነሣም። ብርሃኑ ፊቱን ትቶ ልብሱን እየመታ ነው ማለት ነው፤ ካሜራ ላይ ብትነካኩ ብትነካኩ አይስተካከልም፣ መንቀሳቀስ ያለበት ሰውየው ወይም ብርሃኑ ነው። በስልክ የምታነሡም ሐሳቡ ያው ነው፤ ስክሪኑ ላይ ጉንጩን ተጭናችሁ ቆልፉና የጥለቱ ክር እስኪታይ ብርሃኑን ወደ ታች ሳቡት። ክሩ ታይቶ ፊቱ ከጠፋ ሰውየውን አንቀሳቅሱ።

እዚህ ላይ ነው ትልቁ ስህተቴ። ፊቱ ሲጨልምብኝ ነጭ ፎም ቦርድ (ብርሃን የሚመልስ ቀላል ሰሌዳ) ሰውየው ጭን ላይ አስቀምጥ ነበር፤ ሁሉም እንዲያ ያስተምራል። ለጥቁር ሹራብ ይሠራል። ለነጭ ሸማ ግን ቦርዱ መጀመሪያ የሚያበራው ደረቱን ነው፤ ልዩነቱ በመጥበብ ፈንታ ይሰፋል፣ ከአገጭ ሥርም እንደ ባትሪ የሚያበራ መጥፎ ብርሃን ይመጣል። ነጠላው ራሱ ሪፍሌክተር ነው! ደረት ላይ ተዘርግቶ ከመስኮት ያገኘውን ብርሃን ወደ አገጭ ይመልሳል፤ ከሥር የሚጨመር ነገር አያስፈልገውም።

የሚያስፈልገው ልብሱን ማጨለም ነው። መጀመሪያ ትከሻውን ወደ ክፍሉ ውስጥ አዙሩት፣ ፊቱ ብቻ ወደ መስኮቱ ይመለስ። ያኔ ብርሃኑ ፊቱ ላይ ፊት ለፊት ያርፋል፣ ሸማውን ግን በጎን እየዳሰሰ ነው የሚያልፈው፤ በዚያውም የክሩ እብጠት ይወጣል። ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ግማሽ ስቶፕ ያተርፋል። ካልበቃ 60 በ90 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ካርቶን ጥቁር ጨርቅ አልብሳችሁ በመስኮቱና በደረቱ መካከል አቁሙት፤ ከደረቱ ግማሽ ሜትር ያህል ይራቅ፣ የላይኛው ጠርዙ ከትከሻ በታች ይሁን። በጣም ካስጠጋችሁት ደረቱ ላይ በቢላ የተቆረጠ የሚመስል የጥላ መስመር ይታያል፤ መስኮቱ ላይ ከለጠፋችሁት ደግሞ ፊቱም አብሮ ይጨልማል። ግማሽ ሜትር ላይ ጥላው እየሟሟ ይወርዳል፣ ማንም አያውቅበትም።

ፎም ቦርዱን አልጣልኩትም። ከመስኮቱ ተቃራኒ፣ በጆሮ ቁመት፣ ከጉንጩ 60 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ አቆመዋለሁ። በጠይም ቆዳ ላይ ፊቱን የሚቀርጸው ጥላው ብቻ አይደለም፣ የወዙ ነጸብራቅም ነው። ቦርዱን ቀስ ብላችሁ ስታዞሩት ከዓይን ሥር እስከ መንጋጋ አንድ ረጅም ለስላሳ መስመር የሚበራበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ አቁሙ። ለዚህ ነው ሜካፕ ባለሙያዎች ፊቱን በሙሉ በፓውደር ሲደፍኑት የማልስማማው። ግንባርና አፍንጫ በሶፍት ይጠረግ፣ ጉንጭ ይተው። ቆዳው ደረቅ ከሆነ ጉንጭ አጥንት ላይ የጣት ጫፍ ያህል ቫዝሊን ይበቃል።

ከቤት ውጭ ስሠራ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ አላነሣም። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ጥላው ስለታም ነው፤ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ፀሐይ 6 ሰዓት ከ25 ገደማ አናት ላይ ቀጥ ትላለች፣ የዓይን ጉድጓድ ጥቁር ይሆናል፣ ነጠላው ይቃጠላል። ቸርችል ጎዳና ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር ስለሚወርድ ጠዋት የምሥራቁ እግረኛ መንገድ ጥላ ነው፤ ሰውየውን እዚያ አቁሙት፣ ማዶ ፀሐይ የመታው ሕንፃ ፊቱን ያበራዋል። ከሰዓት በኋላ ተቃራኒው ነው። ከሁሉ የሚሻለው የሕንፃ መግቢያ ነበር፤ ጣሪያው የላዩን ብርሃን ይከለክላል፣ ዓይን ይበራል። ግን እዚያ ጥበቃ አለ፣ በስልክ ሲነሣ ዝም ያለው ሰው ካሜራ ሲያይ «ፈቃድ!» ይላል። ማንን እንደምጠይቅ የነገረኝ አንድም ጥበቃ የለም፤ ይህ አሁንም ያበሳጨኛል። ፎቶ ከማንሣቴ በፊት ገብቼ፣ ሰላም ብዬ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ብዬ እጠይቃለሁ፤ እንቢ ካሉ ወደ መንገዱ ጥላ እመለሳለሁ።

ይህን ሁሉ ደክማችሁ ማተሚያ ቤት ያበላሸዋል። የማተሚያው ማሽን አውቶማቲክ ማስተካከያም ነጩን ነጠላ አይቶ ልክ እንደ ካሜራው ያጨልመዋል። «ያለ ማስተካከያ አትሙልኝ» በሉ፤ ትልቁን ከማዘዛችሁ በፊትም አንድ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር አሳትማችሁ መስኮት ዳር እዩት፣ ማተሚያ ቤቱ መብራት ሥር አይደለም። የጥለቱ ክርና የጉንጩ መስመር ሁለቱም ከታዩ ትልቁን እዘዙ።