መቅረዙ ራሱ አይበራም

ዛሬ ማታ ሄርማታ አካባቢ በምናደርገው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ራእይ ምዕራፍ 1 ላይ ነበርን። መሃል ላይ መብራት ሄደ። ዝናብ እየጣለ ስለነበር ማንም አልገረመውም። በስልክ መብራት ቀጠልን።

ዮሐንስ በፍጥሞ ደሴት ሆኖ ሰባት የወርቅ መቅረዞች (የመብራት ማስቀመጫዎች) ያያል። ክርስቶስ በመካከላቸው ነው። ቁጥር 20 ላይ መቅረዞቹ ሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት እንደሆኑ ተጽፏል። አንዲት እናት "እንግዲያው እኛ መያዣ ነና! ብርሃኑ የእሱ ነው" አሉ። እንዲህ እጥር ምጥን ያለ ስብከት ከመድረክ ሰምቼ አላውቅም።

"እናንተ የዓለም ብርሃን ናችሁ" የሚለውን ባነር ላይ መጻፍ እንወዳለን። ይህን ያለን ግን "እኔ የዓለም ብርሃን ነኝ" ያለው ራሱ ነው (ዮሐ. 8፥12)። የተናገረውም በቤተ መቅደስ ነው። በዳስ በዓል ሌሊት እዚያ ግቢ ትልልቅ መብራቶች ይበሩ እንደነበር የአይሁድ ጽሑፎች ይናገራሉ።

እኔን ያስደነገጠችኝ ከሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት አንዷ፣ ምዕራፍ 2 ላይ ያለችው ኤፌሶን ናት። ሥራዋ፣ ድካሟ፣ ትዕግሥቷ ተመስክሮላታል። ሐሰተኞቹን ሐዋርያት መርምራ ለይታለች። የቀደመ ፍቅሯን ግን ትታለች። ንስሐ ካልገባች መቅረዟ ከስፍራው እንደሚወሰድ ተነገራት። ኳየሩ አሪፍ፣ ሳውንድ ሲስተሙ አዲስ፣ ፕሮግራሙ ጢም ያለ ቤተ ክርስቲያን (የእኛንም ጨምሮ) ይህን ዘሎ ማለፍ የለበትም ባይ ነኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ምዕራፍ 2ን እንቀጥላለን፤ ሰምርኔስ ናት። ከሰባቱ ወቀሳ ያልደረሰባቸው እሷና ፊልድልፍያ ብቻ ናቸው። አንብባችሁ ኑ፤ የቡናው ተራ የእኔ ነው።