በ2.1 ጀምሬ ጥሩ ኮሌጅ እንዴት እንደገባሁ

በዲቪ ሜሪላንድ ስንገባ የዘጠነኛ ክፍል ትምህርት ተጋምሶ ነበር። አዲስ አበባ ሳለሁ ከደረጃ ወጥቼ አላውቅም። እዚህ ግን የባዮሎጂ አስተማሪዋ ስታወራ ከመሃል የምለቅመው አንድ ሁለት ቃል ብቻ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ጂኦሜትሪ ዲ፣ ባዮሎጂ ሲ፣ ታሪክ ሲ፣ ስፖርት ኤ አመጣሁ። ጂፒኤዬ፣ ማለትም ከ4 የሚሰላው የሁሉም ክላስ አማካይ ውጤቴ፣ 2.1 ሆነ።

አባቴ ብዙም አልደነገጠም። እሱ የሚያውቀው የአገር ቤቱን አሠራር ነው። እዚያ ክፍሉን እስካለፍክ ድረስ ዘጠነኛ ላይ ስንት አመጣህ ብሎ ዞሮ የሚጠይቅህ የለም፤ የሚወስነው የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። «ዋናው መጨረሻው ነው» ብሎ አለፈው። እዚህ አገር ግን ማትሪክ የሚባል ነገር የለም። ኮሌጆቹ ከዘጠነኛ ጀምሮ ያለውን ሁሉ አንድ ትራንስክሪፕት ላይ ያዩታል። ብዙ ሐበሻ ወላጅ ኤስኤቲ የሚባለውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና የዚህ አገር ማትሪክ አድርጎ ነው የሚያስበው። አይደለም።

ቤት ውስጥ የዘጠነኛ ክፍሉን ነገር ውሾን ያነሳ ውሾ ይሁን ብለን ተውነው። እኔ ግን ልተወው አልቻልኩም። ደካማ ውጤት በምን ይካካሳል ብዬ ስጠይቅ ሁሉም ሰው «ከዚህ በኋላ ኤ አምጣ» ይለኛል። ትክክል ነው፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ቀላል ክላስ ውስጥ የሚመጣ ኤ ብዙ አያስኬድም። የሚያስኬደው ክላሱ ራሱ በየዓመቱ እየከበደ ሲሄድ ነው።

እዚህ ላይ መጤ ልጆችን የሚይዘን ኢሶል ነው፣ ለእንግሊዝኛ ጀማሪዎች የሚሰጠው ክላስ። ጠቃሚ ነው፤ ያለ እሱ አልናገርም ነበር። ግን ከፕሮግራምህ ላይ ሰዓት ይበላል፤ ኦነርስና ኤፒ የሚባሉት ከበድ ያሉ ክላሶች የሚገቡበት ቦታ ይጠባል። ከኢሶል የሚያስወጣው ዊዳ የሚባል በየዓመቱ የሚሰጥ ፈተና ነው። የትራንስክሪፕት ውጤት ስለሌለው ብዙ ልጆች እየቀለዱ ይሠሩታል። እኔ ከሁሉም ፈተና በላይ የተዘጋጀሁት ለእሱ ነው። አሥረኛ ክፍል ላይ ከኢሶል ስወጣ የ11ኛ ክፍል ክላስ ምርጫ ገና አልተዘጋም ነበር። የሚቀጥለው ዓመት ክላስ የሚመረጠው ጃንዋሪና ፌብሯሪ አካባቢ ነው። በጁን ማሰብ የጀመረ ልጅ ቦታ ላያገኝ ይችላል።

ያን ጊዜ ኤፒ ባዮሎጂ መረጥኩ። የትምህርት ቤት አማካሪዬ፣ ካውንስለሬ፣ «አይከብድህም?» አለችኝ። መልሴ ቀላል ነበር፦ ሲ ያመጣሁት ባዮሎጂ ላይ ነው፤ መልሱም እዚያው መሆን አለበት። ክላሱን በኤ ጨረስኩ፤ በሜይ በሚሰጠው የኤፒ ፈተና ላይ ከ5 ነጥብ 4ቱን አገኘሁ። ዲ ያመጣሁበትን ሒሳብ ደግሞ 12ኛ ክፍል ላይ እስከ ኤፒ ካልኩለስ አደረስኩት። አንድ ደካማ ውጤት በሌላ ትምህርት ኤ አይሸፈንም። በዚያው ትምህርት ከፍ ባለ ክላስ ሲመለስ ግን የኮሌጁ ማመልከቻ አንባቢ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ቁጥሩን ልንገራችሁ። ዘጠነኛ 2.1፣ አሥረኛ 3.4፣ 11ኛ 3.9። አማካዩ 3.1 ገደማ ነው። 3.1 ብቻውን ሲታይ ተራ ውጤት ነው፤ መንገዱን አያሳይም። ስለዚህ ማመልከቻዬን መንገዱ በሚታይበት ቦታ ሁሉ ማስገባት ነበረብኝ።

ለዚህ የረዳኝ ብዙ ሰው የማያውቀው ሰነድ ነው። አብዛኞቹ ኮሌጆች ኮመን ዳታ ሴት የሚባል ዓመታዊ ሰነድ ያወጣሉ። ጎግል ላይ የኮሌጁን ስም ከዚህ ስም ጋር ጻፉት። ሲ7 የሚባለው ክፍል ላይ ኮሌጁ ተማሪ ሲመርጥ ምኑን «በጣም አስፈላጊ»፣ ምኑን «ከግምት የማይገባ» እንደሚያደርግ በሠንጠረዥ ተቀምጧል፦ የክላሱ ክብደት፣ ጂፒኤ፣ ከክፍል የወጣህበት ደረጃ፣ የፈተና ውጤት፣ ድርሰት፣ በቤተሰብህ ኮሌጅ የገባህ የመጀመሪያው መሆንህ። ደረጃ በጣም አስፈላጊ ነው የሚሉትን ከዝርዝሬ አወጣሁ። ድርሰትንና የክላስ ክብደትን ከፍ የሚያደርጉትን አስቀረሁ። ስምና ሬንኪንግ እያዩ መምረጥ ለእንደኔ ዓይነቱ ልጅ ገንዘብ ማባከን ነው።

የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ማለትም ዩሲ የሚባሉት፣ ጂፒኤ ሲያሰሉ የዘጠነኛ ክፍልን ውጤት አይቆጥሩም። ካሊፎርኒያ ያላችሁ ይህን ያዙ። እኔ የሌላ ስቴት ልጅ ስለሆንኩ ክፍያው አይቀመስም ነበርና ተውኩት።

ኤስኤቲ 1400 አመጣሁ፤ ሒሳቡ 760፣ እንግሊዝኛው 640። ኤስኤቲ የማያስገድዱ ኮሌጆች አሁንም ብዙ ናቸው፤ እንደ ኤምአይቲና ሃርቫርድ ያሉት ግን ወደ ማስገደዱ ተመልሰዋል። እኔ የላክሁት ውጤቴ ኮሌጁ ከገቡት ተማሪዎች መካከለኛ ክልል ውስጥ ወይም በላይ በሆነበት ብቻ ነው። ይህም እዚያው ኮመን ዳታ ሴት ላይ አለ። የምሳ ድጎማ የምታገኙ ከሆነ ካውንስለራችሁን የክፍያ ነፃ ወረቀት ጠይቁ። ኤስኤቲውን ሁለት ጊዜ በነፃ ያስፈትናል፤ የማመልከቻ ክፍያንም በብዙ ኮሌጆች ያስቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የዘጠነኛ ክፍሉን ነገር ማን ይናገረው? የመጀመሪያው ድርሰቴ ሙሉ በሙሉ ስለ ስደትና ስለ ቋንቋ ችግር ነበር። አንብቤው ለራሴ አዘንኩ፤ ችግሩም ያ ነበር። 650 ቃላት ብቻ ተሰጥተውህ ሁሉንም ለይቅርታ ማዋል አያዋጣም። ጣልኩትና ስለ እናቴ እቁብ ጻፍኩ። የእቁቡ ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። ዕጣ ወጥቶለት ሳለ ሌላዋ ቤት ልትገዛ ነው ተብሎ ተራውን እንዲለቅ የሚለመን ሰው አለ፤ ያኔ ሕጉ ምን ይበል? ኤክሴል ላይ ያስገባሁት ሕግ፣ ሴቶቹ የተከራከሩበት፣ በመጨረሻ የተስማማንበት ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። ስለ ውጤት አንድም ቃል የለውም።

ስለ ውጤቱ የጻፍኩት ለብዙ ኮሌጆች በአንድ ላይ በሚያመለከትበት ድረ ገጽ፣ ኮመን አፕ ላይ ባለው የተጨማሪ መረጃ ሳጥን ውስጥ ነው። እንዲህ የሚል ነበር፦ «ወደ አሜሪካ የመጣሁት በዘጠነኛ ክፍል አጋማሽ ነው። ያን ጊዜ እንግሊዝኛ ገና እየተማርኩ ነበር። በአሥረኛ ክፍል ከኢሶል ወጣሁ። ከዚያ በኋላ የወሰድኳቸው ክላሶች አሁን ያለሁበትን ያሳያሉ።» በቃ። ለማልቀስ ቦታው አይደለም።

የቀረውን ካውንስለሬ ተናገረችው። ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ሰበብ አይመስልም። ግን እሷ መቶዎች ተማሪ አሏት፤ ካልነገርኳት ከየት ታውቀዋለች? በሴፕቴምበር አንድ ገጽ ጻፍኩላት፦ መቼ እንደመጣሁ፣ ከኢሶል መቼ እንደወጣሁ፣ ማታ ወንድሞቼን ማን እንደሚይዝ። ደብዳቤዋን አላየሁትም።

ወንድሞችን ስል፣ ኮመን አፕ ላይ ለእንቅስቃሴ 10 ቦታ አለ። የሐበሻ ልጆች ክለብ የለንም ብለን ባዶ እንተወዋለን። የቤተሰብ ኃላፊነት የሚል ምድብ እዚያው ተቀምጧል፤ ሥራም ይገባል። ታናናሾችን ማሳደግ፣ ለወላጅ ማስተርጎም፣ ቅዳሜ እንጀራ ቤት መሥራት ተጻፉ።

ኧርሊ ዲሲዥን ግባ ያሉኝ ብዙ ነበሩ። የመግባት ዕድል ያሰፋል ይባላል፤ ግን ከተቀበሉህ ትገባለህ ብለህ የምትፈርምበት ነው፣ ማመልከቻውም ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ይዘጋል። ውጤቱ እየተሻሻለ ላለ ልጅ ይህ ይጎዳል ባይ ነኝ። በሬጉላር፣ ማለትም በማያስገድደው መደበኛ ዙር፣ ሳስገባ የ12ኛ ክፍል የመጀመሪያ ሴሚስተር ውጤቴ ተከትሎ ተላከ፤ ካልኩለሱ ኤ ነበር። ደግሞም የገንዘቡን ደብዳቤ ጎን ለጎን ሳላይ መፈረም አልፈለግሁም።

ማርች መጨረሻ መልሱ መጣ። ስማቸው የገነኑት አልተቀበሉኝም፤ አንዱ ተጠባባቂ አደረገኝ። ፔንስልቬንያ ያለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ተቀበለኝ፤ ከዝርዝሬ ውስጥ ድርሰትን በጣም አስፈላጊ ከሚሉት አንዱ ነበር።

የገንዘቡ ነገር ግን ገና ነበር። አባቴ ኡበር ይነዳል። ፋፍሳ የሚባለው የመንግሥት የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ የሚጠይቀው የሁለት ዓመት በፊቱን ታክስ ነው፤ ያን ዓመት አባቴ ሌት ተቀን ይሠራ ነበር። አሁን በጀርባ ሕመም ሰዓቱን ቀንሷል። የመጣው የእርዳታ ደብዳቤ ላይ ብድሩም ከእርዳታ ጋር ተደምሮ ስለነበር ቁጥሩ ትልቅ ይመስላል። ብድሩንና ኮሌጅ ውስጥ ሠርቼ የማገኘውን ክፍያ ቀንሰን ስናየው ከአቅማችን በላይ ሆነ። ለፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው ደብዳቤ ጻፍኩ፤ የሐኪም ወረቀትና የአባቴን የቅርብ ወራት ገቢ አያይዤ። አባቴ አፈረ። «ከገቡ በኋላ ደግሞ ይለመናል እንዴ?» አለ። ልመና አይደለም፤ ገቢያችን ተቀይሯልና እንደገና አስሉልን ማለት የተለመደ አሠራር ነው። ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ግራንቱን፣ የማይመለሰውን እርዳታ፣ ጨምረው አዲስ ደብዳቤ ላኩልን። ሜይ 1 ከመድረሱ በፊት ዲፖዚቱን ከፈልን።