ታንኩ ስር ያለችው ብሎን

ኮምፕሬሰር፣ ያ አየር አምቆ የሚሰጠው ማሽን፣ መግዛት ሦስት ወር ይፈጅብኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። የፈለግኩት ጋራዥ ውስጥ ለምሠራት ትንሽ ሥራ ነው። የእንጨት ዕቃ ቀለም ለመርጨት፣ የመኪና ጎማ ለመሙላት፣ አቧራ ለማራገፍ፣ አንዳንዴም አልፈታ ያለ ብሎን ለመፍታት። እስካሁን ከጎረቤት እየተዋስኩ ነበር። መዋስ ግን ያሳፍራል። በሦስተኛው ጊዜ ስሄድ ጎረቤቴ "ውይ፣ አሁን እየሠራሁበት ነው" አለኝ። ማሽኑ ላይ ሸረሪት አድርቶበታል። ተመለስኩ።

መጀመሪያ ላይ ዓይኔ የሚያርፈው ሁለት ነገር ላይ ብቻ ነበር። የሞተሩ የፈረስ ጉልበትና የታንኩ ትልቅነት። አሁን ሳስበው ሁለቱም ሸውደውኛል።

አንድ ቀን "5 የፈረስ ጉልበት" የተጻፈበት አዲስ ኮምፕሬሰር አየሁ። ሶኬቱ የተለመደው የቤት ሶኬት ነው። እንዲያው ለነገሩ ስልኬን አውጥቼ አሰላሁ። አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ነው። አምስቱ ከ3700 ዋት በላይ ይሆናል። በ220 ቮልት ሲካፈል 17 አምፔር ገደማ፣ ያውም ሞተሩ የሚያባክነው ሳይቆጠር። ያ ሶኬት ይህን ያህል ተሸክሞ ሊውል አይችልም። የተጻፈው ቁጥር ሞተሩ ለቅጽበት የሚያሳየው ጉልበት እንጂ ቀኑን ሙሉ የሚሠራበት አይደለም። ከዚያ ወዲህ ካርቶኑ ላይ ያለውን ትቼ ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ቆርቆሮ ነው የማነበው። እሷ ላይ ዋትና አምፔሩ አለ።

ታንኩም እንደዚያው ነው። ታንክ አየር አይሠራም። እንስራ ማለት ነው። ምንጩ ፓምፑ ነው። ምንጩ ከደከመ እንስራው ቢተልቅ ጥቅሙ ትንሽ ቆይቶ ማለቁ ብቻ ነው፣ ከዚያ ደግሞ እስኪሞላ ቆሞ መጠበቅ። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ በደቂቃ ስንት ሊትር አየር ይሰጣል የሚለው ነው። እዚህም ወጥመድ አለ። ብዙ ጊዜ ጎላ ተደርጎ የሚጻፈው ፓምፑ ውስጥ የሚመላለሰው ፒስተን ወደ ውስጥ የሚስበው አየር ነው። ከሌላኛው ጫፍ የሚወጣው ከዚያ ያንሳል፣ አንዳንዴ አንድ ሦስተኛው መንገድ ላይ ይቀራል። ደግሞ በስንት ባር ግፊት እንደተለካ መታወቅ አለበት።

የእኔን ሥራ በዚህ ሚዛን ሳየው ጎማ መሙላት ብዙ አየር አይፈልግም፤ ትንሿም ማሽን ትችለዋለች። የብሎን መፍቻው የሚበላው ለጥቂት ሰከንድ ነው፣ ታንኩ ይሸፍንለታል። ችግሩ ቀለም መርጫው ነው። አንዴ ከተጀመረ ማቆም የለም፣ ካቆምክ ቀለሙ ላይ መስመር ይታያል። ትንሽ አፍ ያለው መርጫ እንኳ በደቂቃ ከ100 ሊትር በላይ ይጠጣል፣ ትልልቆቹ 300ም ያልፋሉ። በአሸዋ ዝገት የሚያነሳው መሣሪያ ደግሞ ይብሳል። እሱን ከሐሳቤ አወጣሁት።

አዲስ ለመግዛት ወስኜም ነበር። በአቅሜ የሚገኘው ዘይት የማይፈልገው ዓይነት ነው። ጥገና የለውም፣ ቀላል ነው፣ ማንም ያነሳዋል። ሻጩ አስነሳልኝ። አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ የሚለው ግን አይሰማኝም። ፒስተኑ በቀጥታ ከሞተሩ ጋር ስለተያያዘ በደቂቃ ወደ 2800 ጊዜ ይመላለሳል። ዘይት የሚጠጣውና በቺንጋ የሚዞረው ፓምፕ ግን ከዚያ ግማሽ በማይሞላ ፍጥነት ይሠራል፣ ድምፁም ቱክ ቱክ ነው፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ጋራዡ ከመኝታ ቤታችን ጋር ግድግዳ ይጋራል። ባለቤቴ የቀረጽኩትን ቪዲዮ ሰምታ "ይሄ ከገባ እኔ እወጣለሁ" አለች። እየቀለደች ይመስለኛል። ለማንኛውም አሮጌ ፍለጋ ጀመርኩ።

ቀዩን ያገኘሁት ያኔ ነው።

200 ሊትር ታንክ፣ ባለ ሁለት ፒስተን፣ ባለ ቺንጋ። ቀለሙ እንደ አዲስ ያበራል። ዋጋው የአዲሱን ግማሽ አይሞላም። ባለቤቱ ጨዋ ሰው ነው፣ "ና ወንድሜ፣ አስነሳውና እየው" አለኝ። ሲነሳ ልቤ ወከክ አለ። ድምፁ ለስላሳ፣ የግፊት መለኪያው ጌጅ ቀስ እያለ ወደ 8 ባር ወጣ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሲቆም "ትስስ" አለ። ያ ድምፅ መልካም ምልክት ነው፤ ፓምፑ ውስጥ የቀረው አየር ሲለቀቅ ነው፣ ሞተሩ በሚቀጥለው ጊዜ ሳይጨናነቅ እንዲነሳ። እጄ ኪሴ ገባ ማለት ይቻላል።

ደግነቱ መካኒክ ጓደኛዬ አንድ ነገር ነግሮኝ ነበር። "ሞተር ይጠገናል፣ ፓምፕ ይጠገናል፣ ቺንጋና ጌጅ ይቀየራል። ታንክ ግን አይጠገንም። መጀመሪያ ታንኩን እይ።" ሰውየውን "ውሃውን በየስንት ጊዜው ታፈሳለህ?" አልኩት።

"የምን ውሃ?" አለ።

አየር ውስጥ ሁሌም እርጥበት አለ። በ8 ባር የተሞላ ታንክ ውስጥ በዘጠኝ ታንክ ልክ የነበረ አየር ታምቋል፣ እርጥበቱም አብሮ ገብቷል። ታንኩ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ጠል ይሆንና ወደ ታች ይወርዳል። ማሽኑ ሆድ ስር ያለችው ትንሽ ብሎን የተሠራችው ለዚህ ነው። ካልተከፈተች ውሃው እዚያው ይተኛል፣ ብረቱንም ከውስጥ ይበላዋል። ከውጭ ምንም አይታይም። ቀለም ደግሞ ሁሉንም ይሸፍናል።

አየሩን አብዛኛውን ለቀቅንና ብሎኗን ለመፍታት ሞከርኩ። ነቅነቅ አልል አለች። በስንት መከራ ስትፈታ የወጣው ውሃ ሳይሆን ጭቃ ነው። ቡናማ፣ ወፍራም። ቀጥሎ የብረት ቅርፊት ተከተለ፣ እንደ ልጥ የሳሳ። አንዱን በጣቴ ያዝኩትና ተሰባበረ። በእጅ ባትሪ ጎንበስ ብዬ ሳየው ደግሞ ከብሎኗ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ከቀዩ ቀለም ስር፣ የብየዳ ጠባሳ አለ። ቀዳዳ ተደፍኗል። የሳሳ ብረት ላይ መበየድ ችግሩን አያጠፋውም፣ አጠገቡ ያለው ያው የሳሳ ብረት ነው። እንዲህ ያለ ታንክ አንድ ቀን ሲሰነጠቅ እንደ ጎማ አይደለም የሚተነፍሰው። ታምቆ የነበረው አየር ባንዴ ነው የሚወጣው፣ ብረቱንም ይዞት ይሄዳል። ባለሙያዎች ታንክ ሲፈትሹ ውሃ ሞልተው የሚያስጨንቁትም ለዚህ ነው፤ ውሃ አይታመቅም፣ ታንኩ ቢሰነጠቅ ውሃው ያፈሳል እንጂ አይፈነዳም።

ለሰውየው ነገርኩት። "እኛ እኮ ስንት ዓመት ሠርተንበታል" አለኝ። አመስግኜው ወጣሁ። እውነቱን ልናገር፣ እስከ ቤቴ ድረስ ቀዩ ነበር ዓይኔ ላይ የሚመጣው።

ሁለተኛው አስቀያሚ ነው። ግራጫ፣ 100 ሊትር፣ ቺንጋው የተሰነጣጠቀ፣ አንዱ እግሩ ስር እንጨት የተደገፈለት። የጡረተኛ አናጢ ነበር። "ጋሼ፣ ሳልደርስ እንዳያስነሱት" ብዬ በስልክ ለምኜያቸዋለሁ፤ ቀድሞ የሞቀ ማሽን ቀዝቃዛ ሲሆን የሚያመጣውን አመል ይደብቃል። ስደርስ እውነትም ቀዝቃዛ ነው። ብሎኗ በእጅ ተፈታች። የወጣው ንጹሕ ውሃ ነው፣ ትንሽ ቀላ ያለ። "ማታ ማታ አፈሰዋለሁ፣ አባቴ እንደዚያ ነው ያስለመደኝ" አሉኝ። ታንኩ ላይ የተሠራበት ዓመት፣ ሊትሩና የሚችለው ግፊት የተጻፈበት ቆርቆሮ አልተነቀለም። ግፊት ሲበዛ አየር የሚለቀውን የደኅንነት ቫልቭ ቀለበት ስስበው አየር ተፋ፣ ስለቀው ዘጋ።

ፓምፑ ግን ደክሟል። በሰዓት ያዝኩት። ታንኩ ባዶ፣ ብሎኗ ተዘግታ፣ አስነሳሁ። 8 ባር ለመድረስ ሰባት ደቂቃ ፈጀበት። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 100 ሊትር ሲባዛ በ8፣ 800 ሊትር አየር። ለሰባት ሲካፈል በደቂቃ 114 ሊትር ገደማ። ፓምፑ ላይ የተጻፈው 250 ነው። ሲሶው ቢቀነስ እንኳ ከ160 በላይ መስጠት ነበረበት። ዘይቱን አየሁት፤ ጠቁሯል ግን ወተት አልመሰለም፣ ውሃ አልገባበትም። ከዘይት መሙያው በኩል ጭስ የሚመስል ነገር ብዙም አይወጣም፣ ስለዚህ ፒስተኑን የከበቡት ሪንጎች ደህና ናቸው ብዬ ጠረጠርኩ። አየር የሚያስገባና የሚያስወጣው ቫልቭ ይሆናል። ስሌቱን ለጋሼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውርደው አዩትና ያለ ክርክር ዋጋ ቀነሱልኝ። እንዲህ ዓይነት ሻጭ አጋጥሞኝ አያውቅም፣ ትንሽ አፈርኩ።

ቅዳሜ የፓምፑን ጭንቅላት ከፈትኩት። አየር የሚገባበትንና የሚወጣበትን ክፍል የሚለየው ማሸጊያ፣ ጋስኬቱ፣ ተቃጥሎ ተበልቷል፣ የተጨመቀው አየር ወደ መሳቢያው ይመለስ ነበር። ቫልቮቹ ላይ ከሰል ጋግሯል። ጠረግኩ፣ ጋስኬት ቀየርኩ፣ ዘይትና ቺንጋ ቀየርኩ፣ እግሩንም አስተካከልኩ። አስነስቼ ሰዓት ያዝኩ። አምስት ደቂቃ። በደቂቃ 160። ብቻዬን ጋራዥ ውስጥ አጨበጨብኩ።

በነገራችን ላይ በመጀመሪያው ቀን ላቃጥለው ነበር። ሶኬቱ ስላልደረሰልኝ በቀጭን የማራዘሚያ ገመድ ቀጠልኩት። ሞተሩ እምም እያለ መነሳት አቃተው። ረጅምና ቀጭን ገመድ ቮልቱን ያወርደዋል፣ ሞተሩም ለመነሳት ሲታገል ይግላል። ቶሎ ነቀልኩት። አሁን ማሽኑ ግድግዳው ሶኬት አጠገብ ቆሟል፣ ያስረዘምኩት የአየሩን የጎማ ቱቦ ነው።

ባለፈው እሁድ የወንበሮቹን ቀለም ረጨሁ። አራተኛው ላይ ግፊቱ ወረደ፣ ትንሽ ጠበቅኩት። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ "ይሄን ያህል ነው ድምፁ?" አለች። አልወጣችም።

የቀዩ ባለቤት ትናንት ደወለልኝ። ዋጋ ልቀንስልህ አለኝ። ገዝቻለሁ አልኩት። ከዚያ አሳዘነኝና ታንኩን አንተም አትጠቀምበት፣ ለሌላም አትሽጠው፣ ፓምፑንና ሞተሩን አውጥተህ ለብቻ ሽጣቸው፣ ደህና ዋጋ ያወጣሉ አልኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። "እሺ ወንድሜ፣ አስብበታለሁ" ብሎ ዘጋ።

ዛሬ ጠዋት ማስታወቂያውን ከፍቼ አየሁት። አለ። ፎቶው ብቻ ተቀይሯል። በዚህኛው ቀለሙ ይበልጥ ያበራል።